የሚጮኸው ሳይረኑ ራሱ ነበር

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች። አላርሙን ያስገጠመው ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ነው። ክረምቱ ሲጠና ይህ አላርም ሌሊት ሌሊት ያለ ምክንያት መጮህ ጀመረ። ጅማ ላይ ክረምት ማለት ደግሞ ዝናቡ ሲያወርደው የሚያድርበት ጊዜ ነው። ግቢያችን ውስጥ አራስ አለች፤ ለሱብሂ ሶላት የሚነሱ አባቶች አሉ። ሰው እንቅልፍ እያጣ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

አላርም እንዲህ ሲያስቸግር ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ንዝረት የሚለየውን ሴንሰር ወይም ኮፈኑ ሥር ያለችውን ስዊች ነው። እውነት ነው፣ ስዊቿ ውሃ ከገባባት ታስጮኻለች። እኔ ግን በመስኮት ሳይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሳይረኑ፣ ማለትም የአላርሙ ድምፅ የሚወጣበት ዕቃ፣ ይጮኻል፤ ፍሬቻዎቹ ግን ብልጭ አይሉም። አብዛኛው አላርም ሌባ መጣ ብሎ ሲያስብ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚያስነሳው። ፍሬቻው ዝም ብሎ ሳይረኑ ብቻ ከጮኸ ብዙ ጊዜ አላርሙ ሳያዘው በራሱ እየጮኸ ነው ማለት ነው። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፤ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፍሬቻውን እዩ።

ጎረቤታችን ጋሼ ጃንጥላ ይዘው ወጥተው «ልጄ፣ ባትሪውን ንቀለውና ይገላግለን» አሉኝ። ነቀልኩት። ጭራሽ ባሰበት! ምክንያቱም አንዳንድ ሳይረን ሆዱ ውስጥ የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው። ሌባ የመኪናውን ባትሪ ቢቆርጥ እንኳ እንዲጮህ ታስቦ ነው የተሠራው። ችግሩ ያ ትንሽ ባትሪ ሲያረጅ ነው። ፈሳሽ ያወጣና ሰርኪዩቱን ይበላዋል፤ ከዚያ ሳይረኑ ኃይል ሳይቋረጥበት እንደተቋረጠበት ይጮኻል። ጎኑ ላይ በቁልፍ የሚዞር ማጥፊያ አለው፣ የእኔው ቁልፍ ግን መኪናዋን ስገዛ አብሮ አልመጣም።

ጎረቤቶቼን ይቅርታ ጠይቄ በጠራራ ፀሐይ ሥራውን ጀመርኩ። ብሎኑን በ10 ቁልፍ ፈታሁ፣ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ እየጮኸ በወፍራም ፎጣ ጠቀለልኩት። ክዳኑን በካቻቪቴ ከፍቼ የውስጡን ባትሪ ሽቦ በፒንሳ ስቆርጠው ፀጥ አለ። ውስጡን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ባትሪዎቹ አብጠዋል፣ ጫፋቸው ላይ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል፣ ሰርኪዩቱ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ይሄ ፈሳሽ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት።

አዲሱን መርካቶ ካሉት መለዋወጫ ሱቆች ገዛሁ። የአይሱዙ ዕቃ እዚያው ስለሚደረደር ባለ 24 ቮልቱ በስህተት እንዳይሰጣችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ ለቤት መኪና 12 ቮልት ነው። እኔ የመረጥኩት የውስጥ ባትሪ የሌለውን፣ ባለ 20 ዋቱን ነው። የመኪናው ባትሪ ከተቆረጠ ዝም እንደሚል አውቃለሁ። ግን የኮፈኔ መቆለፊያ ደህና ነው፣ ግቢያችንም ዘበኛ አለው። መንገድ ዳር የሚያሳድር ሰው ባለ ባትሪውን ቢገዛ ይሻለዋል።

የድሮው ሦስት ሽቦ ነበረው፤ ቋሚ ፖዘቲቭ፣ ማሳ (ቦዲው ላይ የሚታሰረው ኔጌቲቭ) እና ከአላርሙ ትእዛዝ የሚመጣበት። አዲሱ ቀይና ጥቁር ብቻ ነው ያለው። የትኛው የት እንደሚገባ በግምት አይሠራም፣ በቴስተር ነው። አላርሙን ሆን ብዬ አስነስቼ ስለካ የትእዛዙ ሽቦ ላይ 12 ቮልት መጣ። ስለዚህ ቀዩ እዚያ ገባ። አንዳንዱ አላርም ግን በኔጌቲቭ ነው የሚያዘው፤ ያኔ አገጣጠሙ ይለያል፣ ኤሌክትሪሺያን ማማከር ይሻላል። ጥቁሩን ቦዲው ላይ ቀለሙን ፍቄ አሠርኩና ግሪስ ቀባሁበት። ሥራ ያጣውን ቋሚ ፖዘቲቭ ጫፉን በናስትሮ አሽጌ አሠርኩት፤ ክፍት ቢቀር ቦዲ ነክቶ ፊውዝ ያቃጥላል። ይህን ሁሉ ስሠራ የመኪናው ባትሪ ኔጌቲቩ ተነቅሎ ነበር፤ ለመለካት ብቻ ነው የመለስኩት።

አቀማመጡም ቀላል ነገር አይደለም። የሳይረኑ አፍ ወደ ታች መዞር አለበት። ወደ ላይ ከዞረ የጅማ ዝናብ ሞልቶት ያድራል። ከሞተሩ ሙቀትም ራቅ አድርጌ ፓራፋንጎው በኩል አሠርኩት።

ለመሞከር አንዱን መስኮት ዝቅ አድርጌ በሪሞት ቆለፍኩ። ትንሽ ጠብቄ እጄን አስገብቼ በሩን ከውስጥ ከፈትኩ። ሳይረኑም ፍሬቻውም አብረው ተነሱ።

የወጣውን ባትሪ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አልጣልኩትም። እንዲህ ያለው አሮጌ ባትሪ ካድሚየም ሊኖርበት ይችላል፣ ያ ደግሞ መርዝ ነው፤ ገንዳ ላይ ከጣሉት ልጆች አንስተው ይጫወቱበታል። በፕላስቲክ ዕቃ ከድኜ የልጅ እጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጬዋለሁ።