ቶማስ ኩክ ሲወድቅ ሂሳቡ ማን ላይ ቀረ

ቱሪዝም ውስጥ የምትሠሩ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ ግን ስለ እንግሊዙ አስጎብኚ ድርጅት ስለ ቶማስ ኩክ መውደቅ በተወራ ቁጥር የሚነሳው ኤርፖርት ላይ ግራ ገብቷቸው የቀሩት እንግሊዞች ነገር ነው። እነሱም አያሳዝኑም አልልም፣ ግን እነሱ እኮ ቤታቸው ገብተዋል፣ አብዛኞቹም ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል። ሳይከፈለው የቀረው ሌላ ሰው ነው።

ለማያውቅ ባጭሩ፣ ነገሩ 1841 ላይ ነው የተጀመረው፣ ሚስተር ኩክ ወደ 500 የሚሆን ሰው በነፍስ ወከፍ አንድ ሽልንግ አስከፍሎ ከሌስተር ላፍቦሮ በባቡር ለፀረ መጠጥ ስብሰባ ወሰደ (የዘመናችን ፓኬጅ ደምበኛ፣ በረራና ሆቴል ባንድ ላይ የሚገዛው፣ በጠዋቱ ገንዳ ዳር ቢራ ይዞ ቢያየው ምን እንደሚል እንጃ)። ከ178 ዓመት በኋላ ሴፕቴምበር 23፣ 2019፣ በኛ መስከረም 12፣ ገና ደመራ ሳይለኮስ ሌሊት ላይ ተዘጋ። ዕዳው 1.7 ቢሊዮን ፓውንድ አካባቢ ደርሶ ነበር፣ 2007 ላይ ማይትራቭል ከሚባለው አስጎብኚ ጋር ሲዋሃድ ያመጣው ጣጣም አለበት፣ የቻይናው ኩባንያ ፎሱን ሊያድነው እየተደራደረ ባንኮቹ ተጨማሪ 200 ሚሊዮን ፓውንድ አምጡ አሉ፣ አልተገኘም፣ በቃ። በዛች ሌሊት ወደ 600,000 ደምበኛ ጉዞ ላይ ነበር፣ ከ150,000 በላዩ ከእንግሊዝ የሄደ።

እንግሊዝ አገር ፓኬጅ ስትገዛ አቶል የሚባል ዋስትና አለ፣ ኦፕሬተሩ (ጉዞውን የሸጠው ድርጅት) ለእያንዳንዱ ተጓዥ 2.50 ፓውንድ ፈንድ ውስጥ ያስገባል፣ ከወደቀ ፈንዱ ይከፍላል። የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤታቸው ከማሌዥያ ሳይቀር አውሮፕላን ተከራይቶ በሁለት ሳምንት ከ700 በላይ በረራ አድርጎ ሕዝቡን አስገባ። እኔ መቼም አድንቄያለሁ።

አሁን ወደ ሐማሜት እንሂድ፣ ቱኒዚያ። ድርጅቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ያሉ የቶማስ ኩክ እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ጥበቃዎቹ የግቢውን በር ዘጉባቸው። ሪሴፕሽን ሂዱና ክፈሉ ተባሉ። ከፍለናል እኮ! አዎ ከፍለዋል፣ ከወራት በፊት፣ ለቶማስ ኩክ። ካርዳቸውን አውጥተው ሁለተኛ የከፈሉም ነበሩ። ጋዜጦቹ ታገቱ ብለው ጻፉ፣ ሰው መዝጋት ትክክል ነው አልልም፣ ግን እኔ ያን ዜና ሳነብ ዓይኔ የሄደው በሩን ያዘጋው ሰውዬ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አሠራሩን አውቀዋለሁ። እንግዳው ጃንዋሪ ላይ ይከፍላል፣ ብሩ ኦፕሬተሩ ጋ ይቀመጣል፣ ሆቴሉ ደሞ የሚከፈለው እንግዳው ተስተናግዶ ከሄደ ከ60 ወይ ከ90 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ጁላይና ኦገስትን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበትን ሁለት ወር፣ አልጋ አንጥፈው ቁርስ አብልተው ኢንቮይስ ልከው እየጠበቁ ነው ዜናው የመጣው። የቱኒዚያ ቱሪዝም ሚኒስትር ያኔ የተናገሩት የሆቴሎቹ ውዝፍ 60 ሚሊዮን ዩሮ ነበር፣ ያውም 2015 ላይ ሱስ የምትባለው ከተማቸው ቢች ላይ 38 ሰው ከተገደለ በኋላ እንግሊዞቹ መመለስ ከጀመሩ ሁለት ዓመት እንኳን ሳይሞላ። ለባለ ሆቴሉ አቶል የለውም። ፍርድ ቤት ሄዶ ዋስትና የሌለው አበዳሪ ተብሎ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማል።

ግሪክ፣ ስፔን፣ ቱርክም እንደዛው ናቸው፣ ቁጥሩ ይለያያል እንጂ።

ጋምቢያ ግን ትለያለች። እዛ ሲዝኑ የሚከፈተው ልክ ኦክቶበር አካባቢ አውሮፓ ሲበርድ ነው፣ ልክ እኛ ከመስቀል ጀምሮ እንደምንጠብቀው፣ እና እንግሊዞቹን ይዞ ዋና ከተማዋ ባንጁል የሚያርፈው ቻርተር (ለአስጎብኚ ደምበኞች የሚመደብ በረራ) ዋናው የቶማስ ኩክ ነበር። ስለዚህ ችግሩ የድሮ ሂሳብ ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኑ ራሱ ነው የጠፋው፣ መንግሥት አስቸኳይ ስብሰባ የጠራው ወዶ አይደለም። ኮቱ ድልድይ ጋ ባይኖኩላር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወፍ የሚያሳዩ ጋይዶች አሉ፣ ቢቹ ላይ ጁስ የሚጨምቁ አሉ፣ እነዚህ ሰዎች ኢንቮይስ እንኳን የላቸውም፣ ማንም ዕዳ አለብኝ አይላቸውም፣ ስለዚህ የትኛውም የአበዳሪዎች ዝርዝር ላይ ስማቸው አይገባም።

እኛ ጋ እንደዛ ዓይነት ቻርተር የለም፣ ግሩፑም ትንሽ ነው፣ ግን የክፍያው ነገር ያው ነው። ሰሜን ተራሮች ግሩፕ ስታስገባ ደባርቅ ላይ የፓርኩን፣ የስካውቱን፣ የበቅሎ ነጂውን፣ የምግብ አብሳዩን በጥሬው ትከፍላለህ፣ ላሊበላ ያለው ሆቴልም ግሩፑ ሳይወጣ ሂሳብ ይልሃል (ልክ ነው፣ ይበል)፣ የውጭ ኤጀንቱ ግን እንደ ቱኒዚያው ክሬዲት ይፈልጋል። አንድ አውሮፓ ያለ ኤጀንት ነበረን፣ ስሙ ይቅር፣ ዓመታት አብረን ሠርተን ቀስ በቀስ ክፍያው መዘግየት ጀመረ፣ አካውንታንታችን ዕረፍት ላይ ናት፣ ባንኩ ነው ያዘገየው፣ ምናምን፣ ከዛ ኢሜይል መመለስ አቆመ፣ ከዛ ከጠበቃ ደብዳቤ መጣ፣ ስማችሁን አበዳሪ ብላችሁ አስመዝግቡ የሚል። አስመዘገብን። እስካሁን እዛ ዝርዝር ላይ አለን፣ ማንም አልሰረዘንም ማንም አልከፈለንም። የግሩፑ ሰዎች ግን ግሩም ጉዞ ነበር ብለው ፎቶ ልከውልናል።

ጀርመኖቹ ከቶማስ ኩክ በኋላ ሕጋቸውን አስተካክለዋል፣ ያኔ ኢንሹራንሱ 110 ሚሊዮን ዩሮ ጣሪያ ስለነበረው አልበቃ ብሎ ቀሪውን መንግሥት ነው የሸፈነው፣ 2021 ላይ ፈንድ አቋቋሙ፣ ከዛ ጁን 2024 ላይ ሙኒክ ያለው ኤፍቲአይ የሚባል አስጎብኚ ሲወድቅ ፓኬጅ የገዛው ተጓዥ ገንዘቡን የሚጠይቅበት ቦታ ነበረው። ጥሩ ነው። ከውድቀቱ በፊት ተስተናግዶ ለሄደው እንግዳ የግብፅና የቱርክ ባለ ሆቴል የላከው ኢንቮይስ ግን አሁንም ኪሳራ አጣሪው ጋ ነው የሚሄደው፣ ምክንያቱም ሕጉ የሚጻፈው መራጩ ባለበት አገር ነው፣ ሐማሜትም ሆነ ደባርቅ ያለ ሰው በርሊን ላይ ድምፅ አይሰጥም።

ስለዚህ እኛ ቢሮ ከአዲስ ኤጀንት ጋር ስንጀምር ግማሹ ክፍያ ቡኪንጉ ሲረጋገጥ፣ ቀሪው ግሩፑ ቦሌ ሳያርፍ ነው። የሚናደድ አለ። ባለፈው አንዷ፣ ኬንያ እኮ 60 ቀን ክሬዲት ይሰጡናል አለችኝ። ይስጧት።