ባሕር ዳር ያለው ማሳ

ሦስተኛው ማሳቸው «ባሕር ዳር ነው» አሉኝ። እኔም «ባሕር ዳር» ብዬ መዘገብኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ክረምት ላይ፣ ፎገራ ውስጥ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ የገበሬውን ማሳ በታብሌት እንመዘግብ ነበር። ምዝገባው ዝናቡ ሲያበቃ ለሚከፋፈል የሽምብራ ዘር ነው። እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት፤ ኑሮዬ ግን ባሕር ዳር ከተማ ነው። ከዚያ የፎገራ ወረዳ ከተማ ወረታ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ በየጠዋቱ እንመላለሳለን። ቋንቋው አማርኛ ነው፣ ምን ይቸግረኛል ብዬ ነበር።

እማማ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ደጃፋቸው ላይ መደብ ላይ አስቀምጠውኝ፣ ቡና እያፈሉ ማሳቸውን ቆጠሩልኝ። «አንዱ ጓሮዬ ነው። አንዱ ዋልካው ላይ ነው። አንዱ ደግሞ ባሕር ዳር ነው።»

እኚህ እናት ስልሳ ኪሎ ሜትር ሄደው እንዴት ያርሳሉ? አልኩ በልቤ። ለዘመድ ሰጥተውት ይሆናል ብዬ ለራሴ መለስኩ። እሳቸውን አልጠየቅሁም። አፌ ላይ የነበረ ጥያቄ ነው፤ ቡናው ሳይቀዳ ይወጣ ነበር። ብቻ አልጠየቅሁም። «ከወረዳው ውጪ» የሚለውን ነካሁ። እሱን ስትነካ ቅጹ የቀሩትን ጥያቄዎች ይዘላል። የጂፒኤስ ነጥብ እንኳ አይጠይቅም። ከወረዳው ውጪ ላለ ማሳ ደግሞ ዘር የለም።

ጥቅምት ላይ ዝርዝሩ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በማግስቱ እማማ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ ሦስት ማሳ ነግሬህ ነበር። አንዱን የት ጣልከው?»

«እማማ፣ ባሕር ዳር ያለው እኮ ከወረዳው ውጪ ነው።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ዞሩና በእጃቸው አሳዩኝ። «ባሕሩ ያው እዚያ ነው። ዳሩም እዚያው ነው። የት ይሄዳል?»

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ለእኔ ባሕር ማለት ቀይ ባሕር ነው። ጣና ሐይቅ ነው፤ ትምህርት ቤት የተማርነው እንደዚያ ነው። ለእሳቸው ግን ጣና ባሕር ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ባሕር ነው። የምኖርበት ከተማ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አነጋገር መሆኑን አውቃለሁ። በየቀኑ እየጠራሁት ቃሉን አንድም ቀን አልሰማሁትም። ወዲያው መዝገቡን ከፍቼ ፈተሽኩ። እንደ እማማ «ባሕር ዳር» ተብሎ የተዘለለ የአሥራ አንድ ሰው ማሳ አገኘሁ። ሁሉንም የሞላሁት እኔ ነኝ።

ማሳውን ለማየት ከሰዓት በኋላ አብረን ወረድን። መንገዱ ቀጥ ያለ ሜዳ ነው። መጀመሪያ ጠንከር ያለ መሬት፣ ቀጥሎ ጥቁሩ ዋልካ አፈር፣ ከዚያ ጫማዬን የሚይዝ ጭቃ፣ መጨረሻ ላይ ውኃ ዳር የሚበቅሉት ፊላና ደንገል። ውኃው ሲመለስ የተወው የደረቀ ሣር መሬቱ ላይ መስመር ሠርቷል። አንድ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ካንዱ ዝቅ እያለ ሦስት አራት መስመር ነው። እማማ በዘንጋቸው እየነኩ «ይሄ የመስከረም ነው። ይሄ የሚካኤል ሰሞን» አሉኝ።

መሬቱን «ባሕር ሸሽ» ይሉታል። ጣና መስከረም አካባቢ ይሞላል፣ ከዚያ እስከ ግንቦትና ሰኔ እየጎደለ ይሄዳል። ሜዳው ጠፍጣፋ ስለሆነ ውኃው አንድ ክንድ ሲወርድ ብዙ መሬት ይገለጣል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከደጋው ያመጡት ደለልም እዚያው ይቀራል። ገበሬው ባሕሩን እግር በእግር እየተከተለ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ዝናብ አይጠብቅም፤ መሬቱ በያዘው እርጥበት ነው የሚበቅለው። ባሕሩ ሁልጊዜ ልኩን ጠብቆ አይቆምም። «በዘጠና ስምንቱ ክረምትማ ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር» አሉኝ እማማ።

የተዘለለውን ቅጽ እዚያው ቆሜ መሙላት ጀመርኩ። «ከሐይቁ ስንት ሜትር ይርቃል?» ይላል።

«በየትኛው ወር?» አሉ።

ታብሌቱ ወር የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። ጥያቄውን የጻፍነው ከተማ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ከበን ነው። ባሕሩ እንደሚሄድና እንደሚመለስ አንዳችንም አላሰብንም።

ነገሩን ለቀበሌው መሪጌታ ነገርኳቸው። በግዕዝ ሐይቅ ማለት ዳርቻው፣ የባሕሩ ዳር ነው አሉኝ። እኔ «ሐይቅ» እያልኩ ስጠይቅ፣ እማማ «ባሕር ዳር» ሲሉኝ፣ በድሮው ቃል ቢሆን አንድ ቦታ እያወራን ነበር ማለት ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅጹን ቀየርነው። «ሐይቅ» ወጥቶ «ባሕር» ገባ። ከሁሉም ጥያቄ በፊት «ይህን ቦታ ምን ብለው ይጠሩታል?» የሚል ተጨመረ። መልሱ በተናጋሪው ቃል ይጻፋል፤ ከዝርዝር አይመረጥም። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ እኛ «ረግረግ» ብለን በአንድ ቃል የጠቀለልነው መሬት ጨፌ፣ ደንገል ቦታ፣ ባሕር ሸሽ እየተባለ ተለያየ። አንዱ ከብት ይግጥበታል፣ አንዱ ታንኳ መሥሪያ ይታጨድበታል፣ አንዱ ይታረሳል።

የአሥራ አንዱ ሰው ዘር ግን የደረሰው ዘግይቶ ነው። ማስተካከያው ፊርማ ነበረበት፣ ፊርማው ደግሞ ስብሰባ። ዋልካ ይህን ሁሉ አይጠብቅም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ እማማ ማሳ ሄድኩ። ከታች፣ ወደ ባሕሩ ያለው ግማሽ በሽምብራ አረንጓዴ ሆኗል። ከላይ ያለው ግማሽ ዘሩ ሳይደርስለት ደርቆ ባዶውን ቀርቷል። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። እጄን አስገባሁበት፤ እስከ አንጓዬ ገባ።