ካቲፋክ

ኳሷን ያመጣት ቆራሌው ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትከር፣ በሩን አንኳኳና «እትዬ፣ የእርስዎን ዕቃ አገኘሁ!» አለኝ። የእኔ ዕቃ ማለት አሮጌ ቫኪዩም ነው፤ ይቺኛዋ እንደ ኳስ ድቡልቡል ናት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ባለቤቴ «የሰው ሚስት ወርቅ ትሰበስባለች፣ የእኔዋ የአቧራ መምጠጫ» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያወራል።

ድሬ ላይ ይሄ ፀባይ ያስቃል፣ አውቃለሁ። ነፋሱ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አንስቶ ጓዳ ድረስ ሲያስገባው እዚህ አገር መፍትሔው መጥረጊያና እርጥብ ጨርቅ ነው። ወለላችን ሊሾ ነው፣ ምንጣፍ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ማሽኖቹ ግን መጥተዋል። ቀዚራ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረ ሰፈር ነው፤ ፈረንሳዩም ግሪኩም አርመኑም ኖሮበታል። ሰው ሲሄድ ዕቃ ይቀራል። ዕቃው ጓዳ፣ ከጓዳ ቆጥ፣ ከቆጥ ደግሞ ቆራሌው ጆንያ ውስጥ ይገባል።

ከኳሷ በፊት አምስት ነበሩኝ። አራቱ ይሠራሉ። አምስተኛዋን የገደልኳት እኔው ነኝ። ኤሌክትሮሉክስ ነበረች፤ እንደ ጥይት ቀለህ የረዘመች፣ ከሥሯ ወለል ላይ የምትንሸራተትባቸው ሁለት ብረቶች ያሏት። ይህን ቅርፅ የስዊድኑ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1921 አመጣው፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎች ተከትለውታል። የእኔዋ ግን የአሜሪካ ምርት ኖራለች። ያገኘሁ ቀን በደስታ ሰክሬ ሶኬት ላይ ሰካኋት። አንዴ እሪ አለች፣ ጭስ ተፋች፣ ዝም አለች። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ የእሷ የዚያ ግማሽ። ሞተር ጠምጣሚው ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «አቦ! መጀመሪያ ታርጋውን አያነቡም እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ታርጋ አነባለሁ።

ኳሷን ሁሉም ሰው «ሁቨር ናት» አለኝ። እኔም ልቤ ወደዚያው ነበር። ሁቨር እ.ኤ.አ. በ1954 ኮንስቴሌሽን የሚባል ድቡልቡል ቫኪዩም አውጥቷል። ተንኮሉ ደስ ይላል፦ የሚመጠው አየር መውጣቱ አይቀርም፤ ታዲያ ለምን በከንቱ ይውጣ ብለው፣ ከመጀመሪያዎቹ በኋላ በመጡት ሞዴሎች ላይ ወደ ታች ለቀቁት። ማሽኑ በራሱ ትንፋሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ወለሉ ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ለማየት ስንት ዓመት ተመኝቻለሁ!

የእኔዋ 220 መሆኗን አረጋግጬ ሰካኋት። ጮኸች። አልተነሳችም። ተንበርክኬ በጉንጬ ወለል ነክቼ ሁሉ አየሁ። ገልብጬ ሳያት ከሥሯ ትንንሽ ጎማዎች አሏት። የምትንሳፈፍ ዕቃ ጎማ ምን ያደርግላታል? በዚያ ላይ ወገቧን እንደ ቀለበት የሚዞራት ጠርዝ አለ።

ታርጋዋ ግማሹ በቀለም ተሸፍኗል። በጥፍሬ ስፍቀው ስም ወጣ። ካቲፋክ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እንደ እንግሊዝኛ አነበብኳቸው፣ ሌላ ምንም አይሉም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካቲፋክ የሚባል ፋብሪካ ስፈልግ ከረምኩ። ማን ይንገርሽ፣ የለም!

እስከዚያው ሆዷን ከፈትኩ። ይህን ክፍል ነው የምወደው። የጨርቅ ከረጢቱ አልተራገፈም ነበር። የድሬ አቧራ ቡናማ ነው፣ አሸዋማ ነው፣ በጣት መሃል ይንኮሻኮሻል። ይሄኛው ግራጫ ነው። ለስላሳ፣ እንደ ሱፍ የተድበለበለ። የምንጣፍ ጸጉር ነው። መሃሉ ላይ አንድ የጸጉር መያዣና ሰማያዊ ቁልፍ፣ የሕፃን ሹራብ ቁልፍ። የት አገር ያለ ቤት ነው የጠረገችው? መጣል አልቻልኩም። በማር ማሰሮ አድርጌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ አይቶ ምንም አላለም፤ እሱ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራኝ።

ባለፈው እሁድ ጎረቤታችን ጋሼ ቡና ሊጠጡ መጡ። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምረው የመጡ መሐንዲስ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ኳሷን አዩና ሳቁ።

«ሳቱርናስ! ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች እዚህ?»

«ካቲፋክ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«የሩሲያ ፊደል ነው'ኮ ልጄ። ሲ የመሰለሽ ሰ ነው። ፒ የመሰለሽ ረ፣ ኤች የመሰለሽ ነ።»

አፈርኩ። ሳቱርናስ ማለት በሊትዌኒያ ቋንቋ ሳተርን ናት፣ ባለቀለበቷ ፕላኔት። ለካ የወገቧ ጠርዝ ያ ነው። ሊትዌኒያ በሶቪየት ሥር ሳለች ቪልኒየስ ውስጥ የሁቨርን ኳስ አይተው የሠሯት ናት።

ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ሥሯን መረመሩ። ፕላስቲኩ ላይ የታተመ ነገር አሳዩኝ፤ እኔ የሞዴል ቁጥር ነው ብዬ አልፌው ነበር። «ጼና ማለት ዋጋ ነው። ይሄ ሩብል ነው። እዚያ ዋጋው ዕቃው ላይ ይታተማል።» ስለዚህ ይቺ በጅምላ ተጭና አልመጣችም። አንድ ሰው እዚያው ሱቅ ገብቶ፣ በሩብል ገዝቶ፣ ተጠቅሞባት፣ ከሻንጣው ጋር ይዟት መጣ። ተማሪ ይሆን? አማካሪ? ልጅ ያለው ነበር፣ እሱን ቁልፉ ይናገራል።

ቆራሌውን ከየትኛው ቤት እንደገዛት ጠይቄው ነበር። «ዕቃ ከየት መጣህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?» አለኝ።

«እስቲ አስነሻት» አሉ ጋሼ። «ዶርማችን ውስጥ አንዷ ነበረች። ድምጿን ልስማው።» ሶኬቱን ሰካሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ምንም። እንደገና ተጫንኩ። ጣራው ላይ ያለው ቬንትሌተርም እየቀነሰ እየቀነሰ ቆመ። መብራት ሄዷል።

ጋሼ ወንበሩን ወደ ኳሷ ጠጋ አድርገው ተቀመጡ። «እስኪመጣ ሁለተኛውን ቅጂልኝ» አሉ።