የድንጋያማ ጋራ ግጦሽ አፈር፦ እስካሁን የተማርኩት

ሰላም ወገኖች። አፈር ማንበብ እየተለማመድኩ እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ልምምዴ ሜዳ ላይ ነበር። ሜዳ ምቹ ነው፤ አካፋው ይገባል፣ የጉድጓዱ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ንብርብሩ በዓይን ይለያል። አሁን ግን ዳገቱን ይዤዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትሄዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምታዩዋቸው፣ በግ የሚሰማራባቸው ድንጋያማ ተረተሮች ላይ ነኝ። ሜዳ ላይ የለመድኩት አሠራር እዚያ ግማሹ አይሠራም።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ድንጋዩ ባዛልት ነው፤ ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ። ባዛልት ሲበሰብስ ብዙ ሸክላ ይሰጣል። ዳገቱ ላይ ግን ሸክላው ተሠርቶ ሳያበቃ ጎርፍ ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ከላይ ጭንጫ፣ ወገቡ ላይ ጠጠርና ቡናማ አፈር የተደባለቀበት፣ ግርጌው ላይ ደግሞ እግር የሚይዝ መረሬ ታገኛላችሁ። የሦስቱም እናት አንድ ድንጋይ ነው።

በዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ የላይኛው ጭንጫ ሌፕቶሶል ይባላል። ወይ ከላይ ወደ ታች 25 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ አለት መገኘት አለበት፣ ወይም ደቃቁ አፈር በይዘት (በሚይዘው ቦታ ማለቴ ነው) ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። በዓለም ላይ ትልቁን ስፋት የያዘው የአፈር ቡድን ይኸው ነው፤ ከ1.6 ቢሊዮን ሄክታር በላይ። የኛም ደጋ ሞልቶታል። ግን ድንጋያማ የሆነ ሁሉ ሌፕቶሶል አይደለም። ወገቡ ላይ የቆፈርኩት ጉድጓድ 40 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወርዷል፣ ግማሹም ደቃቅ አፈር ነው። መስፈርቱን አያሟላም። ስሙ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ለበጉ ምኑም አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ላቦራቶሪ ናሙና ስትልኩ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ሁሉ በወንፊት ተለይቶ ይወጣል። የሚመረመረው የቀረው ደቃቅ ብቻ ነው። ጋራ ላይ ደግሞ ደቃቁ ብዙ ጊዜ ጥሩ ሆኖ ይገኛል። ሥሩም፣ የረገፈው ሳርም፣ በጠጡም እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚከማች ጠቆር ያለና ብስባሽ የበዛበት ይሆናል። ወረቀቱ ላይ «ለም» ተብሎ ቢመጣ አይግረማችሁ፤ ውሸት አይደለም። ግን ከመሬቱ ግማሹ ድንጋይ ከሆነ በሄክታር ያለው ምግብም በዚያው ልክ ይቀነሳል። ይህን ቅነሳ ሳይሠሩ የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ መከራከር ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ድንጋዩ ስንት እጅ እንደሆነ መለካት ይቀድማል። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ብዙ ወጪ የለውም። ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ፤ የወጣውን ሁሉ አንድም ሳይበተን የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ታደርጋላችሁ። ጉድጓዱን በስስ ፌስታል ታለብሱና በሊትር እየለካችሁ ውሃ ትሞላላችሁ። ያ የጉድጓዱ ይዘት ነው። ቀጥሎ ድንጋይና ጠጠሩን በወንፊት ለይታችሁ ታጥባላችሁ። እስከ አፉ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ ስትከቱት የሚፈሰውን ውሃ ትለካላችሁ። ወገቡ ላይ ያለው ጉድጓድ 8 ሊትር ያዘ፤ ድንጋዩ ያፈሰሰው ወደ 4 ሊትር ነው። ግማሽ በግማሽ።

ይህን ሁሉ ከማድረግ ለምን በሚዛን አትለካውም የሚል አይጠፋም። ይቻላል፣ ግን ሚዛን ያጋንናል። ባዛልት በአንድ ሊትር 2.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ልል ደቃቅ አፈር ደግሞ 1.2 ኪሎ አካባቢ ነው። በክብደት 70 በመቶ ድንጋይ የሆነ አፈር በይዘት ሲታይ 51 በመቶ ገደማ ነው። የሣሩ ሥር የሚኖረው በቦታ ነው፣ በኪሎ አይደለም። ሰው የሰጣችሁን መቶኛ ከመቀበላችሁ በፊት በክብደት ነው በይዘት ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ውሃውን አስሉት። ጥሩ ደቃቅ አፈር ከይዘቱ 15 በመቶ ያህል ለተክል የሚሆን ውሃ ይይዛል እንበል። 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ግማሹ ድንጋይ፦ 400 ሚሊ ሜትር በ0.5፣ ከዚያ በ0.15 ስታበዙት 30 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሣር በቀን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ከጠጣ ሙሉ ሆኖ የጀመረ አፈር ከ8 እስከ 10 ቀን ያቆየዋል። ድንጋይ የሌለው አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ግን 150 ሚሊ ሜትር ይይዛል፤ ከወር በላይ ነው። መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲቆም ጋራው ቀድሞ የሚገረጣው፣ ግርጌው ግን እስከ ኅዳር አረንጓዴ የሚሆነው በዚህ ሒሳብ ነው። እረኞቹ ያለ ካልኩሌተር ያውቁታል፤ ክረምት ከላይ ያሰማራሉ፣ በጋ ወደ ታች ያወርዳሉ።

እስካሁን ድንጋዩን እንደ ኪሳራ ነው የቆጠርኩት። ግን ሌላ ገጽታ አለው፤ ልቤን የወሰደውም እሱ ነው። ጥር ላይ፣ ዝናብ ከጠፋ ሰንብቶ፣ ከሳሩ መሃል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳሁ። ዙሪያው ያለው አፈር ዱቄት ሆኗል። ከሥሩ ያለው ግን ጥቁርና ቀዝቃዛ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይጣበቃል። ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች ከጎን ገብተው ከድንጋዩ ሆድ ጋር ተለጥፈው ተዘርግተዋል። ሣሩም ድንጋዩን ከቦ ነው የበቀለው፣ ክፍቱ ቦታ ላይ አይደለም። ድንጋዩ ፀሐይ ይከላከላል፣ ትነት ይቀንሳል፣ የዝናቡን ጠብታ ይቀበላል። የበግ ጥርስም ጥጉ ድረስ አይደርስም።

ከዚያ ጥቂት እልፍ ብሎ በጎቹ የሚመላለሱበት መንገድ አለ። እዚያም ድንጋይ አለ፤ መጠኑም ብዛቱም ያው። ግን በእጅ አይነቀልም። ግማሹ ተቀብሯል፣ ዙሪያው ያለው አፈር በኮቴ ተጠቅጥቆ ስስ ቅርፊት ሠርቷል። ከሃይላንዴ ውሃ አፈሰስኩበት። ውሃው ከድንጋዩ ጀርባ ወረደ፣ ቅርፊቱ ላይ ተንሸራተተ፣ ቁልቁል ሄደ። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ያፈሰስኩት በጠርዙ ገብቶ የት እንደደረሰ አላየሁትም።

እንግዲህ «ድንጋይ ጎርፍ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?» ለሚለው መልሱ አቀማመጡ ላይ ነው። ልል አፈር ላይ ተቀምጦ ከሆነ ውሃ ያሰርጋል። በተጠቀጠቀ አፈር ውስጥ ተሰክቶ ከሆነ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያንሸራትታል። በትግራይ ደጋ ማሳዎች ላይ የተደረገ ምርምርም ከላይ ያለውን ድንጋይ መልቀም የአፈር መታጠብን እንደሚጨምር አሳይቷል። ገበሬውም ትልልቁን ለቅሞ ለእርከን ያውላል እንጂ ደቃቁን ድንጋይ ሙልጭ አድርጎ አያነሳም። ለግንብና ለአጥር ተብሎ ከግጦሽ ላይ ድንጋይ ሲጫን ባየሁ ቁጥር አሁን ይቆጨኛል።

የላዩን ሽፋን ለመገመት ሲባጎ ይበቃል። 20 ሜትር ሲባጎ፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ቋጠሮ፤ 100 ነጥብ ይወጣዋል። በየቋጠሮው ሥር ያለውን ትመዘግባላችሁ፦ ሣር፣ ተቀማጭ ድንጋይ፣ የተሰካ ድንጋይ፣ ባዶ አፈር። ቁጥሩ ያለ ሌላ ስሌት መቶኛ ነው። ሁለቱን የድንጋይ ዓይነቶች ለየብቻ መጻፍ እንዳትረሱ፤ ደምራችሁ ከጻፋችሁት ያ ሁሉ ልፋት ምንም አይነግራችሁም።

ዕፅዋቱም ይናገራል። ጦስኝ የበዛበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ስስ አፈር ነው። ማገጥ ካያችሁ እርጥበት ቆይቷል ማለት ነው። ኮሸሽላና እምቧይ ሲበረክቱ ደግሞ ከብቱ የሚወደውን ጨርሶ የማይነካውን ትቷል። አቅጣጫን በተመለከተ ግን የውጭ መጻሕፍት ላይ አትመኩ። «ወደ ደቡብ የዞረ ዳገት ደረቅ ነው» የሚለው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ለራቁ አገሮች ነው። እኛ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ስለራቅን የሰሜንና የደቡቡ ልዩነት ትንሽ ነው። እዚህ የሚበልጠው የጠዋት ፀሐይ ነው፤ ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ይደምናልና ወደ ምሥራቅ የዞረው ዳገት የበለጠ ይሞቃል።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ኩበት ነው። በጎቹ የበሉት ከጋራው ነው። ላሞችም ወጥተው ይግጣሉ። እበቱ ግን ተለቅሞ፣ ተጠፍጥፎ፣ ምድጃ ይገባል። ማገዶ ለሌለው ሰው ይህን አታድርግ ማለት ድፍረት ነው፤ ብዬም አላውቅም። ነገር ግን አፈሩ ምን እያጣ እንደሆነ ማስላት ለሚፈልግ ከጎርፉ እኩል መቁጠር ያለበት ነው።

ስለ ሕጉም ለጠየቃችሁኝ፦ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲውል ያዝ ነበር፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል። 60 በመቶ ማለት 31 ዲግሪ ገደማ ነው። በስልክ የዳገት መለኪያ ስለካው የኔ ተረተር ወገቡ ከዚያ በታች ነው፣ ጫፉ ግን ያልፋል። በጎቹ ያሉት ጫፉ ላይ ነው።

ቀጥሎ የውሃ ስርገትን በደንብ መለካት እፈልጋለሁ። ችግሩ ውሃ ተሞልቶበት ሲሰርግ የሚለካበት፣ አፈር ውስጥ የሚተከለው ቀለበት ነው። ሁለቱም አፉ የተከፈተ የወተት ጣሳ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ጠጠሩ አላስገባ አለው፣ ጠርዙም ተጣመመ። አሁን ጣሳውን ሳልቀጠቅጥ ከላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በመረሬ ጭቃ እየለሰንኩ ነው። ከሥር ካልሾለከ ይሠራል፤ አንዳንዴ ይሾልካል። ከእናንተ መሃል ጭንጫ ላይ የለካ ካለ በምን እንዳሸገው ይንገረኝ። ሐምሌ ሳይገባ፣ አፈሩ ደረቅ እያለ፣ ከበጎቹ መንገድና ከሳሩ መሃል ቢያንስ አንዳንድ ንባብ መያዝ አለብኝ።