የብቻ ፈተና ለጋራ ጨዋታ ምን ያህል ይጠቅማል?

ከአንዱ መቆሚያ ወደ ሌላው እየዘለሉ በሚያልፉባቸው የፕላትፎርም ጌሞች ውስጥ፣ ከዋናው ጉዞ ተነጥለው አንድን ክህሎት ብቻ ለመፈተን የተዘጋጁ ደረጃዎች ይገኛሉ። ተጫዋቹ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሳንቲሞችን ሁሉ እንዲሰበስብ ወይም አንድ ዓይነት ዝላይ ብቻ እየተጠቀመ እንዲጨርስ ይጠየቃል። ከእህቴ ልጆች ጋር የምጫወት በመሆኔ፣ እነዚህ ደረጃዎች ሦስት አራት ሰው አብሮ ሲጫወት የሚያስፈልገውን ችሎታ በእርግጥ ያሳድጋሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ያሳስበኛል። እጅን እንደሚያፍታቱ ጥርጥር የለኝም፤ ነገር ግን ያ የተፍታታ እጅ በጋራ ጨዋታ ላይ የሚኖረውን ዋጋ የሚወስነው፣ ጌሙ ተጫዋቾቹን እርስ በርስ የሚያገናኝበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን ኒው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ዊን እንመልከት። እስከ አራት ሰው በአንድ ስክሪን ላይ ይጫወታል፤ ተጫዋቾቹም እርስ በርስ ይጋፋሉ፣ አንዱ የሌላውን ጭንቅላት ረግጦ ይነጥራል፣ ሲፈልግም አንሥቶ ይወረውረዋል። ለብቻው ሲሆን አንድን ገደል አንድም ጊዜ ሳይስት የሚሻገር ልጅ፣ ወንድሙ ከጎኑ ሲሰለፍ ያንኑ ዝላይ ይስታል፤ ሊያርፍበት ያሰበው ጠባብ መቆሚያ ተይዞ ይጠብቀዋል፣ ወይም ገና አየር ላይ እያለ ከላይ ተረግጦ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ጌም ላይ ትልቁ ችሎታ ተራ መጠበቅ፣ ጓደኛ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ መገመት፣ መንገዱ ሲጠብም ሳይዘገዩ ተጫዋቹን ለጊዜው ከእንቅስቃሴ በሚያወጣ ተንሳፋፊ አረፋ ውስጥ ገብቶ ለሌላው ቦታ መልቀቅ ነው። ብቻውን የሚለማመድ ሰው ከእነዚህ አንዱንም አይማርም፤ እንዲያውም መቆሚያው ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ እንዲጠብቀው ስለሚለምድ፣ ከሰው ጋር ሲቀላቀል ከጀማሪው የበለጠ ሲደናገር አይቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ስዊች ለተባለው የጌም ማጫወቻ በወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ዎንደር ላይ ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ዮሺ የሚባለው ዳይኖሰር ላይ ተቀምጦ ከመሄድ በቀር ተጫዋቾቹ አይጋፉም፤ አንዱ በሌላው መካከል እንደ ጥላ ያልፋል። ጌሙ ባጅ የሚባሉ ልዩ ችሎታዎች አሉት፤ ብዙዎቹም ተጫዋቹ ያንኑ ችሎታ የሚለማመድበት የራሳቸው የፈተና ደረጃ አላቸው፤ በአንዱ በቆብ ተንሳፍፎ ይወርዳል፣ በሌላው ግድግዳ እየረገጠ ይወጣል። ማንም ስለማያደናቅፈው፣ በፈተናው ደረጃ ላይ የተማረው ዝላይ አራት ሰው ባለበትም ያው ዝላይ ነው። የእህቴ ታናሽ ልጅ የግድግዳውን ፈተና ከለመደችው ወዲህ ወንድሟ መጥቶ እስኪያድናት መጠበቅ ትታለች፤ ወንድሟም በፊት እሷን ለመመለስ ያባክነው የነበረውን ጊዜ አሁን ለራሱ ያውለዋል። የፈተና ደረጃዎች ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የቡድኑን ደካማ ተጫዋች ከፍ ሲያደርጉ ቡድኑ ሁሉ ይፈጥናል፤ ጎበዙን ይበልጥ ቢያጎብዙት ግን ለጋራ ጉዞው የሚጨምሩለት ነገር ጥቂት ነው። እንዲያም ሆኖ በዚህ ጌም የወደቀ ተጫዋች መንፈስ ሆኖ ሲንሳፈፍ፣ ጓደኛው በ5 ሰከንድ ውስጥ ደርሶ ካልነካው አንድ ሕይወት ይጠፋል። የራስን መንገድ ትቶ ወደ ኋላ መመለስ ያለበትን ቅጽበት የሚያስለምድ የባጅ ፈተና የለም።

ተጫዋቾቹ ተጋጣሚዎች ሲሆኑ ልዩነቱ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ጌምኪዩብ ለተባለው የጌም ማጫወቻ የወጣው የድብድብ ጌም ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ ሜሌ፣ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ 10 ኢላማዎች በፍጥነት የሚሰበሩበት የብቻ ፈተና አለው። እንቅስቃሴን ለመልመድ ጥሩ ነው፤ ኢላማው ግን አይሸሽም፣ አያታልልም፣ መልሶም አይመታም። ኳስ መቶ ጊዜ የሚያንቀረቅብ ልጅ ተከላካይ ሲመጣበት የሚያደርገው ሊጠፋው እንደሚችል ሁሉ፣ የኢላማው ፈጣን ሰባሪም በግጥሚያ ላይ ሊጨነቅ ይችላል። አንድ ትንሽ ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። በሜሌ አየር ላይ ሆኖ የሚመታ ተጫዋች መሬት ከመንካቱ በፊት ባሉት 7 ፍሬሞች (ስክሪኑ ላይ ተከታትለው በሚታዩ ነጠላ ምስሎች) ውስጥ የመከላከያ ቁልፉን ከተጫነ፣ ሲያርፍ የሚገጥመው መዘግየት በግማሽ ይቀንሳል። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም ስለሚሄድ፣ ይህ ከሰከንድ አንድ ስምንተኛ ያነሰ ጊዜ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ይህን የለመደ ሰው ተጋጣሚ ፊት ሲቀርብ ቁልፉን የሚጫንበት ጊዜ ይዛባበታል፤ ምክንያቱም ምት ሰው ወይም ጋሻ ሲያገኝ ሁለቱም ተጫዋቾች ለጥቂት ፍሬሞች ባሉበት ይደርቃሉ፣ ማረፊያውም በዚያው መጠን ይዘገያል። ስለዚህ እጁ የለመደው ቅጽበት ትክክለኛው ቅጽበት መሆኑ ይቀራል።

የእንቅስቃሴ ትምህርት ተመራማሪዎች ከዚህ ጋር የሚዛመድ ነገር ከጌሞቹ በፊት አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ኬር እና ቡዝ ባሳተሙት ጥናት ላይ፣ የ8 ዓመት ልጆች ትንሽ ከረጢት ወደ ኢላማ መወርወር ተለማመዱ፤ አንዱ ቡድን ከ3 ጫማ ርቀት ብቻ፣ ሌላው ግን ከ2 እና ከ4 ጫማ። በኋላ ሁሉም ከ3 ጫማ ሲፈተኑ፣ ከዚያ ርቀት ላይ ያልተለማመዱት ልጆች በልጠው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ሺ እና ሞርጋን፣ ተግባራትን እያቀላቀሉ የተለማመዱ ሰዎች በልምምዱ ወቅት ወደ ኋላ ቢቀሩም፣ ከቀናት በኋላ ሲፈተኑ ግን ይበልጥ እንደሚያስታውሱ አሳዩ። አንድን ፈተና የወርቅ ሜዳሊያ እስኪገኝ ድረስ መደጋገም የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰዓቱ ሲያጥር ተጫዋቹ የተሻሻለ ይመስለዋል፣ ያሻሻለው ግን ያንን አንድ ደረጃ ብቻ ሊሆን ይችላል። በተለይ ጌም ቤት ገብቶ በሰዓት እየከፈለ የሚጫወት ልጅ ይህን ቢያውቅ ገንዘቡን አያባክንም።

ስለዚህ ለእህቴ ልጆች የፈተና ደረጃዎችን እየቀያየሩ ጥቂት በጥቂት እንዲጫወቱ፣ ወዲያውም ወደ ጋራ ጨዋታው እንዲመለሱ እነግራቸዋለሁ። ከጌም ሠሪዎች የምፈልገው ደግሞ ለሁለት ሰው የሚሰጥ የፈተና ደረጃ ነው፦ ለምሳሌ አንዱ ሆን ተብሎ የሚወድቅበት፣ ሌላው በዎንደር እንዳለው በ5 ሰከንድ ውስጥ በአስቸጋሪ መንገድ ደርሶ የሚያድንበት፣ ሰዓቱም ለሁለቱ በጋራ የሚቆጠርበት።