በሉርድ ታማሚ ከፊት ይሄዳል

በባሕር ዳር ባደግሁበት ሰፈር ካንሰር የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ሕመሙን የሚያውቀው ከሁሉም በኋላ ነው። ውጤቱ ለባል ወይም ለታላቅ ወንድም ይነገራል፤ ቤተ ዘመዱም ታማሚው እንዳይደነግጥ ብሎ በሹክሹክታ ይይዘዋል። ይህ ከፍቅር የሚመነጭ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ በምኖርባት በደቡብ ፈረንሳይዋ የቱሉዝ ከተማ ግን ሐኪሟ ፊት ለፊቷ አስቀምጣኝ፣ የጡት ካንሰር እንዳለብኝ፣ ኬሞ እንደሚቀድምና ቀዶ ሕክምናው እንደሚከተል በወረቀት ላይ እየጻፈች አስረዳችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁና ወደ ሥራዬ ሄድሁ፤ የምነግረው ሰው አልነበረኝምና።

በስደት የሚኖር ሰው መታመም የማይፈቀድለት ይመስለዋል። ለቤት ኪራዩ፣ ለእህቱ ልጅ ትምህርት፣ ለተዝካሩ ሳይቀር ገንዘብ የሚጠበቀው ከእርሱ ስለሆነ፣ ስልክ ሲደወል «ደኅና ነኝ» ማለት እንደ ግዴታ ይሆንበታል። ፀጉሬ ከረገፈ በኋላ ለእናቴ በቪዲዮ ስደውል ሻሽ አስሬ፣ መብራቱን ከጀርባዬ አድርጌ እቀመጥ ነበር። «ምነው ከሳሽ ልጄ?» ስትለኝ ጾሙን አመካኛለሁ። እያደር ከሕመሙ ይልቅ ይህ ዝምታ ያንገበግበኝ ጀመር።

ሁኔታዬን ያዩት የካቶሊክ ቁምስናችን ካህን ከሀገረ ስብከቱ ሕሙማን ጋር ወደ ሉርድ እንድሄድ መከሩኝ። ሉርድ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ፣ ከቱሉዝ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1858 እመቤታችን ለ14 ዓመቷ ድኻ ልጅ ለቤርናዴት ሱቢሩ በማሳቢየል ዋሻ 18 ጊዜ የተገለጠችላት በዚያ ነው። ቤርናዴት መሬቱን በእጇ ጭራ ያገኘችው ምንጭ ዛሬም ይፈስሳል።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሰው ነው። በዚያ ሥፍራ ታማሚ አይደበቅም፤ በዑደቱም በቅዳሴውም የፊተኛው ቦታ የእርሱ ነው። ሰማያዊ ክዳን ያላቸውን ጋሪዎች በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው እየሳቡ ሕሙማኑን ከሕዝቡ ፊት ያሳልፏቸዋል። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ2004 ሕመም ጠንቶባቸው ሳለ ወደዚሁ ዋሻ መጥተው ከታማሚዎቹ እንደ አንዱ ሆነው ጸልየዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በሻማ በሚደረገው ዑደት ላይ መቁጠሪያው በየቋንቋው ሲደገም፣ አጠገቤ በጋሪ ተቀምጣ የነበረች ራሷን ያልሸፈነች ሴት «ያንቺ የት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ፤ ጥያቄዋ በእኛ አገር ሰው ለሰው «አገርህ ወዴት ነው?» እንደሚለው ያለ ነበር። «ጡቴ ላይ» አልኋት። «የእኔ ጉበቴ ላይ ነው» አለችና ነፋስ ያጠፋባትን ሻማ ከእኔ ለኮሰች። ያን ቃል ከሐኪም ቤት ውጭ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር።

ሉርድ የሚሄድ ሰው ሁሉ ተአምር ፍለጋ የሚሄድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ ተፈወስሁ የሚለውን ሰው ጉዳይ የሚመረምር የሐኪሞች ቢሮ በዚያ አለ፤ ከሺዎች ውስጥ ቤተ ክርስቲያን በተአምርነት ያወጀቻቸውም ከ70 ብዙ አያልፉም። ቤርናዴት ራሷ ከአስም ጋር ኖራ በ35 ዓመቷ በሕመም አርፋለች፤ እመቤታችንም ተስፋ የሰጠቻት የዚህን ዓለም ሳይሆን የሚመጣውን ዓለም ደስታ ነው። ይህ ለእኔ ታላቅ መጽናኛ ሆነኝ። ያልዳነ ሰው እምነቱ የጎደለ ነው የሚሉ ሰዎች በየቦታው ይገጥሙናል፤ እንዲህ ያለውን ንግግር ጭካኔ ነው እለዋለሁ። ብዙ እጅ ዳስሶት በለሰለሰው እርጥብ የዋሻ ድንጋይ ላይ ግንባሬን አስደግፌ የጸለይሁት ድኅነትን ብቻ አልነበረም፤ እናቴን ያለ ሻሽ ማየትን ጭምር ነበር።

ሕክምናው ሲያበቃ ባሕር ዳር ገባሁ። ነፍሱን ይማርና አባቴ ካቶሊክ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ጊዮርጊስን የምትሳለም ኦርቶዶክስ ናት፤ የሱስንዮስ ዘመን ቁስል እስካሁን በሚነሳበት በጣና ዳር ሁለቱ በአንድ ማዕድ ኖረዋል። በጀልባ ወደ ደብረ ማርያም ተሻግረን ከተሳለምን በኋላ፣ የደንገል ታንኳዎች ከሚያርፉበት ዳርቻ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኋት። ሻሼን ፈትታ አጭሩን ፀጉሬን በመዳፏ ዳበሰችና «ብቻሽን?» አለች። ብዙ አለቀሰች፤ እኔም ተዉኋት። ከሉርድ ያመጣሁላትን ውኃ ቤት ስንገባ ከኪዳነ ምሕረት ጠበሏ ጎን አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ እናቴ ነገሩን አልሸሸገችውም፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» ለማለት መጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ የምላቸው አንዲት ሴት ቡናው አልቆ ሰው ሲወጣ ወደ ኋላ ቀሩና፣ ከፋሲካ ጀምሮ ለማንም ያልነገሩት እብጠት ጡታቸው ላይ እንዳለ ነግረው እጄን ወስደው አስነኩኝ። «ልጄ፣ ለልጆቼ እንዳትነግሪብኝ» አሉኝ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ለልጆችዎ ግን እርስዎ ይንገሯቸው፣ እኔም አብሬዎት እቀመጣለሁ» አልኋቸው። ሰኞ ጠዋት በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ሄድን፤ ናሙና ተወሰደ፤ ማታውኑ ታላቅ ልጃቸውን ጠርተው በራሳቸው አንደበት ነገሩት። ውጤቱ የሚነገር ዕለት ከጎናቸው እንድሆን ስለ ጠየቁኝ ወደ ቱሉዝ የምመለስበትን ቀን አራዝሜያለሁ።