ኬሚስትሪ ለደረሳት እህቴ

ታናሽ እህቴ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። የዲፓርትመንት ምደባ ወጥቶ ኬሚስትሪ ደርሷታል። ድምጿ ጥሩ አልነበረም። «ተመርቄ ምን ልሠራ ነው?» አለችኝ። በስልክ ያልጨረስኩላትን እዚህ ልጻፈው፣ ሌላም የቸገረው ይኖራል።

ስሚኝ፣ አንዱ መንገድ ማቴሪያል ሳይንስ ነው፤ ቁሶች ውስጣቸው እንዴት እንደተሠራና ጠባያቸው ከየት እንደሚመጣ የሚያጠና ትምህርት። እሱን ለመማር የግድ ኢንጂነሪንግ መግባት የለብሽም። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ራሱን ችሎ ይሰጣል፤ ግን ከኬሚስትሪም ይደረሳል። መንገዱን ራስሽ ማቅናት አለብሽ እንጂ።

እኔም ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት፣ ግን ዘግይቼ ነው የነቃሁት። ሁለተኛ ዓመት ላይ ካልኩለስና ፊዚክስን ለማለፍ ያህል ብቻ አጥንቼ ተውኳቸው፤ ፊዚካል ኬሚስትሪ ሲመጣ እኩሌታው ሁሉ ጨለመብኝ፣ ክረምቱን ሙሉ ከሀ ጀምሬ ማንበብ ነበረብኝ። አንቺ አሁኑኑ ያዣቸው።

አራተኛ ዓመት ላይ ለፕሮጀክት የመረጥኩት የምጣድ ሸክላ ነው። ያልተተኮሰውንም የተተኮሰውንም ለየብቻ በሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ወቅጬ፣ ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ማሽን ውስጥ እንዲገባ ላክሁት። ማሽኑ ኤክስሬይ ናሙናው ላይ ይለቅና ጨረሩ በየትኛው አንግል ጎልቶ እንደሚመለስ በግራፍ ያሳያል፤ እያንዳንዱ ማዕድን በራሱ አንግል ላይ ጫፍ አለው። በጥሬው አፈር ላይ 12 ዲግሪ አንግል አካባቢ ቀጥ ብሎ የቆመ ጫፍ አለ፣ ካኦሊን የሚባለው የሸክላ ማዕድን ነው። በተተኮሰው ላይ የለም! 26.6 ላይ ያለው የኳርትዝ፣ የአሸዋው ማዕድን፣ ጫፍ ግን ንቅንቅ አላለም። ካኦሊን ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ በውስጡ ታስሮ የነበረው ውሃ ይወጣል፣ የአተሞቹ ሰልፍ ይፈርሳል፤ ለዚህ ነው የተተኮሰ ምጣድ ውሃ ቢፈስበት ተመልሶ ጭቃ የማይሆነው። እማዬ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ስታሟሽ አይተሻል አይደል? ዘይቱ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ በሙቀት ይያያዝና ይጠነክራል። እሱ ደግሞ ፖሊመር ኬሚስትሪ ነው፣ ትንንሽ ሞለኪውሎች ተያይዘው ትልቅ የሚሆኑበት። ይኼን ሁሉ ከቤታችን ጓዳ አገኘሁት።

ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት ላይ ፊዚካል ኬሚስትሪንና የመሣሪያ ትንተናን (ናሙናን በማሽን መመርመርን) አጥብቀሽ ያዢ። ኢንኦርጋኒክ ላይ ስለ ክሪስታል የሚያወራውን ምዕራፍ አትዝለይው። ምርጫ ኮርስ ሲመጣ «ኤ» ይገኝበታል የሚባለውን ትተሽ፣ ከተፈቀደልሽ ፊዚክስ ዲፓርትመንት ሄደሽ ሶሊድ ስቴት፣ የጠጣር ቁሶችን ፊዚክስ፣ ውሰጂ። ኦርጋኒክና አናሊቲካልንም እንዳትጥያቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማቴሪያል ስለወደድሽ አይምርሽም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ማሽኑ ሁሉም ግቢ ውስጥ የለም፣ ያለበትም ወረፋ አለው። የኔ ናሙና ሌላ ከተማ ሄዶ ውጤቱ እስኪመጣ ፕሮጀክቱ ሊያልቅብኝ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ሳታልቂ አማካሪ ፈልጊና ማሽኑ የት እንዳለ ጠይቂ። ለፋሲካ ስንገናኝ ደግሞ ምጣድ የምትሠራልንን እትዬን አብረን ሄደን እንጠይቃታለን፣ አፈሩን ከየት እንደምታመጣ።